ቅቤ የከዳት ቅቤ ሻጭ

ድሬ ውስጥ ከፊራ በሚባለው ገበያ ማንም ያልጻፈው አንድ ሕግ አለ። ቅቤ ሻጭ መክሳት የለባትም። ሽንኩርት ሻጭ ብትከሳ «ፀሐዩ ነው» ይባልላታል፤ ልብስ ሻጭ ብትከሳ «አማረባት» ይባላል። ቅቤ ሻጭ ስትከሳ ግን ገዢ ቆም ብሎ ያስባል። ቅቤው እውነተኛ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ባለቤቱን ባወፈረ ነበር ይላል። ሙዝና የሚረጋ ዘይት እየተቀላቀለ ቅቤ ተብሎ በሚሸጥበት ዘመን ገዢን በዚህ መውቀስ አይቻልም።

አክስቴ በዚህ ሕግ ዕድሜ ልኳን ስትጠቀም የኖረች ሴት ናት። የአባቴ እህት ስለሆነች እንደ ቤታችን ኦሮምኛ አዳዳ እላታለሁ፤ ልጅ ሳለሁ ስሟ ይመስለኝ ነበር። ሰፊ ሴት ነበረች። ደንበኛ «ንጹሕ ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት አትምልም፣ አትከራከርም። የሽቲ ቀሚሷን እጅጌ ወደ ላይ ሰብስባ ክንዷን ታሳየዋለች። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ አይኖርም። ከጎኗ ተቀምጣ ቅቤ የምትሸጠው ጎረቤቷ እንዲህ ያለ ክንድ ስላልነበራት ሁልጊዜ የምትሸጠው በመሐላ ነበር።

አዳዳ ልጅ አልወለደችም፤ እኔን ግን ከወለዱኝ ይበልጥ ተቆጥታኛለች፣ ከወለዱኝም ይበልጥ አጉርሳኛለች። ሳቢያን ሰፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። እሷ ሥራዬን ለሰው ስታስረዳ «ለልጆች ስለ ጨው ያወራል» ነው የምትለው። ራሴ መመለጥ የጀመረው ገና በወጣትነቴ ስለሆነ፣ ይህንንም የኬሚስትሪ ጣጣ አድርጋ ነው የምትቆጥረው።

መክሳቷን መጀመሪያ ያየሁት በእጇ ነው። ድሮ ያለ ሳሙና አልወልቅም ይል የነበረው የብር አምባሯ፣ ሊጥ ስታቦካ ሾልኮ ወጥቶ ሊጡ ውስጥ ገባ። ፈልጋ አወጣችውና ሳቀች። ትንሽ ቆይቶ ሽቲዋ ትከሻዋ ላይ አልቆም አለ፤ ያን ጊዜ ግን አልሳቀችም። ጥፋተኛ መፈለግ ጀመረች። መጀመሪያ ሙቀቱን ከሰሰች። ቀጥላ አለማግባቴን ከሰሰች፤ የእኔ አለማግባት የእሷን ክንድ እንዴት እንደሚያቀጥን ግን ልትነግረኝ አልቻለችም። በመጨረሻ የገበያ ጎረቤቷ ክፉ ዓይን ላይ አረፈች። «አፏ ቅቤ ልቧ ጩቤ» አለች።

መድኃኒቱንም ራሷ አዘዘች። መድኃኒቱ ቅቤ ነበር። ጠዋት ገንፎው ላይ ቅቤ፣ ምሳ ሩዙ ላይ ቅቤ፣ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ለኢፍጣር ሾርባው ላይ ቅቤ። በበላች ቁጥር ሆዷ ይጮሃል፤ ትሮጣለች፤ ላብ በላብ ሆና ትመለሳለች፤ የወጣውን ለመተካት እንደገና ትበላለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። እኔም በዚያን ጊዜ እንደ እሷው «ብዪ እንጂ፣ ጉልበት ያስፈልግሻል» ከሚሉት አንዱ ነበርኩ።

እኛ ቤት ሕመም አይደበቅም። የሆድ ነገርማ ጭራሽ አይደበቅም፤ የሚወራውም በምግብ ሰዓት ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ አዳዳ ጉርሻ አፌ ውስጥ ከጨመረችልኝ በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተ ኬሚስትሪ አይደል የምታስተምረው?»

ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳት፤ አፌ ሞልቷል።

«ታዲያ ንገረኝ። ሽንት ቤት የምወጣው ነገር ለምንድን ነው የማይሰምጠው? ውሃ ባፈስበት ባፈስበት ተመልሶ ይንሳፈፋል። ዳር ዳሩን ደግሞ ዘይት ይሠራል።»

ጉርሻውን እንደምንም ዋጥኩና «ቅባት ስለሆነ ነዋ» አልኳት። ካልኩት በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። ገንፎው ላይ የፈሰሰው ያ ሁሉ ቅቤ ሰውነቷ ውስጥ አልገባም። በአንድ በር ገብቶ በሌላው ይወጣ ነበር። አክስቴ በቅቤ መሐል ተቀምጣ እየተራበች ነበር። ፈራሁ። በማግስቱ ትምህርት ቤት አስፈቅጄ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሙ ከደጋ የመጣ ትሑት ወጣት ነበር። «እናቴ ይቀመጡ፤ ምንዎን ነው የሚያምዎት?» አላት። ድሬ ከአንቱታ ጋር ብዙም የማትተዋወቅ ከተማ ስለሆነች፣ አዳዳ ከኋላዋ ሌላ ሰው የገባ መስሏት ዞራ አየች። ማንም የለም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ይሄ ልጅ ለምንድን ነው የሚፈራኝ?» አለችኝ።

ልጁ አልፈራትም። ጠየቃት፣ ነካካት፣ ምርመራ አዘዘላት። ውጤቱ ሲመጣ ወንበሩን ወደ እሷ ስቦ ቀስ እያለ አስረዳት። ቆሽት የሚባለው ዕቃ ቅባትን የሚቆርጥ ፈሳሽ ወደ አንጀት ይልካል፤ የእሷ ቆሽት ግን ደክሟል፤ የሚልከው ፈሳሽ ለዚያ ሁሉ ቅቤ አይበቃም። ያልተቆረጠ ቅባት ደግሞ አይገባም፣ ያልፋል።

«ቆሽትዎ ለምን እንደታመመ ገና እናጣራለን» አላት።

«ምኑን ታጣራለህ?» አለች በጣቷ እያሳየችኝ። «ይሄን ጠይቀው። ስንት ጊዜ ነው ያሳረረው!»

ሐኪሙ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ከምግብ ጋር እየተዋጠ የቆሽቱን ሥራ የሚሠራ መድኃኒት ጻፈላት፤ ከተማው ውስጥ ስላልነበረ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነበረብን። እስከዚያው ቅቤ፣ ሞራና የተጠበሰ ነገር በጣም እንድትቀንስ አዘዘ። ለወጡ መሥሪያ ትንሽ የኮኮናት ዘይት ብትሞክር እንደሚሻልም ነገራት። ከቅባቶች መሐል ለደከመ ቆሽት የሚቀለው እሱ ነው አላት፤ መድኃኒት ግን አይደለም፣ ሲበዛም ሆድ ያውካል።

ከበሩ እንደወጣን አዳዳ እጄን ያዘች። የታመመ ሰው አያያዝ አልነበረም።

«ቅቤ ተከለከለች ብለህ ለአንድ ሰው ትተነፍስና አላህ ይጠይቅህ።»

«ምን ችግር አለው?»

«ቅቤ የማይበላ ቅቤ ሻጭ ማን ያምናል? ያቺ ጎረቤቴ ብትሰማ እስከ መግሪብ ድረስ ደንበኛ አይተርፈኝም። ከገበያው ወጥቼስ ምን ልሆን ነው? ቤት ተቀምጬ አንተን ልጠብቅ?»

ይህን ስትል አልቀለደችም። ያ ቦታ፣ ሸራው ሥር ያለው መቀመጫዋና ከሰው ጋር ስትሟገት የምትውልበት ቀኗ፣ አዳዳ ማለት እሱ ነው። ሆድ ይፍጀው ተባባልን። ቅቤ መፍጨት ባቃተው ሆድ ላይ ምስጢርም ተጨመረበት።

ምስጢሩን ጠበቀች፤ ትእዛዙን ግን አልጠበቀችም። ገበያ ላይ ለመታየት ስትል ቁርሷን እዚያው አደረገችው፤ ቂጣዋን ቅቤ እያጠቀሰች በሰው ፊት ትበላለች፣ ከዚያ ቤት መጥታ ስትሰቃይ ትውላለች። ስቆጣት የራሷ መልስ ነበራት።

«ድሬ ውስጥ የማይቀልጥ ምን አለ? ከጀልዴሳ የሚመጣልኝ ቅቤ ረፋዱ ላይ ይፈሳል። ሆዴ ደግሞ ከድሬ አይበርድም። የቀለጠ ነገር ይገባል።»

ግማሹ እውነት ስለሆነ ለመመለስ ያስቸግራል። ቅባት የካርቦን ሰንሰለቶች ነው። ሰንሰለቶቹ ቀጥ ቀጥ ያሉ ሲሆኑ ተደራርበው ይተኛሉ፤ ሞራ የሚረጋው ለዚህ ነው። መሐላቸው የታጠፈ ሲሆን መደራረብ ያቅታቸውና እንደ ሰሊጥ ዘይት ይፈሳሉ። በሰውነት ሙቀት እንኳ የማይቀልጥ ቅባት አንጀትን ያስቸግራል፤ እስከዚህ አዳዳ ልክ ናት። የእሷ ጣጣ ግን መቅለጥ አልነበረም፣ ርዝመት ነበር። ረጅም ሰንሰለት ቢቀልጥም መቆረጥ አለበት፣ ከሐሞት ጋር መለወስ አለበት። ይህን ሁሉ እንደ ክፍል ውስጥ በወረቀት ላይ እየሳልኩ ላስረዳት ሞከርኩ። አንድ ራስና ሦስት ረጃጅም ጅራት ያለው ነገር ስስልላት ወረቀቱን አዙራ አዙራ አየችውና «ይሄ አራተኛው እግሩ የት ሄደ?» አለች።

በሳሙና ላስፈራራት አሰብኩ። ሳይገባ የሚቀረው ረጅም ሰንሰለት አንጀት ውስጥ ካልሲየም ያገኝና ከፊሉ ሳሙና ሆኖ እንደሚወጣ ነገርኳት። ይህም የኬሚስትሪ እውነት ነው።

«ሳሙና?»

«ሳሙና።»

«ታዲያ ሽንት ቤቴ ለምን አልነጣም?»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። የዚያን ቀን ተናድጄ ወጣሁ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ግን ንዴቴ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ይህቺ ሴት በክርክር እያሸነፈችኝ ልትሞትብኝ ነው ብዬ አሰብኩ።

በመጨረሻ ያዳነኝ ኬሚስትሪ ሳይሆን ኬላ ነው። አዳዳ በወጣትነቷ፣ ቅቤ ከመጀመሯ በፊት፣ በድሮው ባቡር ወደ ጅቡቲ መስመር እየወጣች ጨርቅ ታመላልስ ነበር። ስለዚያ ዘመን ስታወራ ድምጿ ራሱ ወጣት ይሆናል።

«አዳዳ፣ ጭነት የሞላ መኪና ኬላ ሲደርስ ምን ይሆናል?» አልኳት።

«ይቆማላ። ይራገፋል፣ ይፈተሻል፣ መልሶ ይጫናል። ኩሊ ከጠፋ እዚያው ያድራል።»

«ቅቤ ውስጥ ያለው ረጅሙ ሰንሰለት እሱ ነው። የአንቺ ቆሽት ኩሊዎቹን አሰናብቷል። የተራገፈው እንኳ አንጀት ግድግዳ ውስጥ መልሶ ይታሸግና፣ በቀጥታ ደም ውስጥ አይገባም፤ በጓሮ ቦይ ዞሮ ዞሮ ነው የሚደርሰው።»

«አጭሩስ?»

«አንቺ ጨርቁን ወገብሽ ላይ ጠምጥመሽ ስታልፊ ማን አራገፈሽ?»

ፈገግ አለች። «ማንም» አለች። «ቀጥታ ቤቴ።»

«አጭሩም ቀጥታ ነው። ብዙ ኩሊ አይፈልግም፣ ብዙ ሐሞት አይፈልግም። ከአንጀት ደም ውስጥ፣ ከዚያ ጉበት።»

«ኮንትሮባንድ ነዋ!» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሥራዬ በአክብሮት ስትናገር ሰማኋት።

ወዲያው ደግሞ ቅቤ ውስጥ እንዲህ ያለ የለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አለ፤ የቅቤን ሽታ ሽታ የሚያደርገው አጭሩ ነው፤ ግን ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ቅቤ ረጅሙ ነው። የኮኮናት ዘይትም ቢሆን ሁሉም ኬላ የሚያልፍ አይደለም፤ መካከለኛ ርዝመት ያለው ስለሚበዛበት ነው የሚሻለው። «ይምጣ» አለች።

አሁን ይምጣ ማለት ቀላል ነው። ድሬ ውስጥ የኮኮናት ዘይት ያለው ከሩዝና ከፓስታ ጋር ሳይሆን ከሻምፖና ከፀጉር ቅባት ጋር ነው። ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ ሄጄ አንድ የመዋቢያ ሱቅ ገባሁ። ሻጯ ወጣት ልጅ የምፈልገውን ስነግራት ዕቃውን ከማውረዷ በፊት ራሴን አየች፤ ቆየት ብላ አየችው።

«ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ» አለችኝ። «ይሄ ያለውን ያሳምራል እንጂ የሌለውን አያበቅልም።»

«ለአክስቴ ነው።»

«እሺ» አለች፣ ብዙ ወንድ እንዲህ እንደሚላት በሚያስታውቅ ድምፅ። ለመብላት ነው ብላት ይብሱን የምታዝንልኝ መሰለኝ፤ ዝም ብዬ ይዤ ወጣሁ።

ጠርሙሱ ላይ የተሰነጠቀ ኮኮናትና ፀጉሯ ወገቧ የደረሰ ሴት ተስለዋል። እኔ ያየሁት ኮኮናቱን ነው። አዳዳ ሽንኩርቱን በዚያ ዘይት ስታቁላላ ቤቱ የሙሽራ ቤት ሸተተ። በደጃፍ ያለፈች የሰፈር ሴት «ማን ሊያገባ ነው?» ብላ ጠየቀች። ያን ጊዜ ጠርሙሱን አገላብጬ ሳነብ ሽቶም ሌላም ነገር የተጨመረበት፣ ለፀጉር ብቻ የሚሆን ነው። አዳዳ ድስቱን ከምድጃው አውርዳ በሩ ላይ አስቀመጠችው። «እኔ ፀጉር ቤት ገብቼ ምሳ አልበላም» አለች። ጠርሙሱን ግን አልጣለችም፤ ለፀጉሯ አደረገችው።

ለምግብ የሚሆነውን ያገኘሁት ከፊራ ውስጥ ቅመም ከምትሸጥ የሶማሌ እናት ዘንድ ነው። ሽታ የለውም፣ ታሽጎ ነው የሚመጣው። ይዤ ስመጣ አዳዳ ጠርሙሱን እንኳ ሳትነካ «የፀጉር ነው» አለች።

«አዳዳ፣ ሠርግ ስትሄጂ ራስሽን ምን ትቀቢያለሽ?»

«ቅቤ።»

«ገንፎሽ ላይስ?»

ጠርሙሱን አንስታ ገለባበጠችው። ያሸነፍኳት መስሎኝ ነበር።

«ቅቤ ሌላ ነው» አለች መልሳ እያስቀመጠችው። «ቅቤ መጀመሪያ ምግብ ሆኖ ነው ወደ ራስ የወጣው። ያንተ ዘይት ራስ ላይ ተወልዶ ነው ወደ ድስት ልታወርደው የምትፈልገው። የወጣና የወረደ አንድ አይደለም።»

እንዲህ ያለውን የትኛውም መጽሐፍ አይመልሰውም። ተመልሼ ለቅመም ሻጯ ነገርኳት፤ የአዳዳን ሕመም ሳይሆን እምቢታዋን ብቻ። በማግስቱ ገበያው ሲበተን ራሷ ቤታችን መጣች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ጓዳ ገባች።

«ወላሂ እናቴ በዚህ ነው ያሳደገችኝ» አለች ሩዙን እየለቀመች። «ባሕር ዳርቻ ያለ ሰው ይሄንን ድስት ውስጥ ያደርጋል። ከድስት የተረፈውን ነው ራሱን የሚቀባው።»

አዳዳ ወደ እኔ ዞረች። «መጀመሪያ ድስት ውስጥ ነው እንዴ?»

«መጀመሪያ ድስት።»

«ይሄንን ለምን ቀድመህ አትናገርም?»

ሩዙ ቀረበ። አዳዳ ትንሽ በላች፣ ሐኪሙ እንዳለው ትንሽ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠችና ሽንት ቤቱ ወዳለበት በር እያየች መጠበቅ ጀመረች። ቅመም ሻጯ ስለ ጨርቅ ታወራለች፣ እኔ አዎ አዎ እላለሁ፣ ዓይኔ ግን አዳዳ ላይ ነው። ሻይ ጠጣን። ሌላ ሻይ ጠጣን። «አልጠራኝም» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ቅቤ ማጥቀሷን ተወች።

ከአዲስ አበባ የተላከው መድኃኒትም ደረሰ። መድኃኒቱ፣ ትንሽ ትንሽ መብላቱና ኮኮናቱ ተጋግዘው አዳዳን ቀስ በቀስ መለሷት። እንደ ድሮው አልሆነችም፤ ግን ሽቲው ትከሻዋ ላይ ቆመ፣ ድምጿም ከሸራው ሥር እስከ መንገዱ ይሰማ ጀመር። ደንበኞቿ ይህን አይተው ምስጋናውን ለቅቤው ሰጡት። «ማሻአላህ፣ ቅቤሽ መለሰሽ!» ይሏታል። እሷ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች። ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም።

«ቅቤሽ ያልሠራበትን ምስጋና እየተቀበለ ነው» እላታለሁ።

«አፍህን ያዝ» ትለኛለች። «ገበያ ላይ ኬሚስትሪ የለም።»

አንድ ቅዳሜ ከአጠገቧ ተቀምጬ ሳለ ከመልካ ጀብዱ የመጣች ሴት ሸራው ሥር ገባች። አቧራው ከሻርፗ ላይ አልተራገፈም። ዙሪያዋን ሳታይ በቀጥታ ወደ አዳዳ መጣች።

«ሰዎች ናቸው የላኩኝ» አለቻት። «ባለቤቴ ሾፌር ነው። ከስቶብኝ አለቀ፤ መሪ መያዝ አቅቶት ከተኛ ቆይቷል። አንቺም እንዲሁ ከስተሽ ነበር፣ በቅቤሽ ዳንሽ አሉኝ። ያንን አንቺ የምትበዪውን ስጪኝ። ብዙ አድርጊልኝ።»

አዳዳ ቅቤ የምትዝቅበትን ማንኪያ እንደያዘች ቀረች። ጎረቤቷ ከወዲያ በኩል የራሷን ቅቤ ትታ ጆሮዋን ሰጥታለች፤ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች ደንበኞችም ነበሩ። አዳዳ ብትዝቅላት ማንም ምንም አያውቅም። እኔም ትዝቅላት ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ እንዲህ ማሰቤ አሁንም ያሳዝነኛል።

«ቅቤ ሲበላ ሆዱ ይጮሃል?» አለቻት።

«ይጮሃል።»

«ሽንት ቤት የሚወጣው ይንሳፈፋል?»

የአዳዳ ድምፅ ዝግ ማለት አያውቅም። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ዞረው አዩ። ሴትዮዋ ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች። «ይንሳፈፋል» አለች።

«ዓይኑስ?»

«ቢጫ ሆኗል። የወፍ በሽታ ነው ብለው ቅጠል አጠጡት። እኔ ደግሞ ጉልበት ይሁነው ብዬ ቅቤ እጨምርለታለሁ። በጨመርኩለት ቁጥር ይብስበታል።»

አዳዳ ማንኪያውን አስቀምጣ የዕቃውን ክዳን ገጠመችው።

«ለባልሽ ቅቤ አልሸጥልሽም» አለቻት። «እኔ ቅቤ መብላት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ቆሽቴ ታሟል፣ ቅቤ አይገባልኝም። ያዳነኝ ሐኪም ነው። የምበላውም የኮኮናት ዘይት ነው።»

«የፀጉሩን?» አለች ጎረቤቷ ከወዲያ።

«የፀጉሩን» አለች አዳዳ፣ ዞራ ሳታያት።

ሴትዮዋ ማልቀስ ጀመረች። «በእጄ እኮ ነው ያጎረስኩት» አለች። «እምቢ ሲለኝ እንኳ በእጄ።»

«እኔም በእጄ ነው የጎረስኩት። አውቀሽ አይደለም። በይ ተነሺ፣ እናምጣው።»

የቅዳሜን ገበያ፣ የሳምንቱን ትልቁን ቀን ትታ ከሴትዮዋ ጋር ባጃጅ ውስጥ ገባች። ቅቤውን ለእኔ ተወችልኝ። ሰውየውን ከመልካ ጀብዱ አምጥተው ለዚያው አንቱ ለሚለው ሐኪም አሳዩት። የእሱ ቆሽት ደህና ነበር፤ የተዘጋው የሐሞቱ ቱቦ ነው፣ ጠጠር ገብቶበት። ረጅሙ ሰንሰለት የሚለወስበት ሐሞት ወደ አንጀቱ መውረድ አቁሟል። ቀዶ ጥገና ወደሚሠራበት በአስቸኳይ ላኩት፤ ጠጠሩ ወጣለት። ሐኪሙ ለአዳዳ «ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አይደርሱም ነበር» እንዳላት እሷ አልነገረችኝም፤ የነገረችኝ የሰውየው ሚስት ናት።

ወሬው ግን ከባጃጁ ቀድሞ ነበር ከተማውን የዞረው። የሚቀጥለው ቅዳሜ የድሮ ደንበኞቿ መጡ፤ ከሩቅ ሰላም አሏት፣ ጤናዋን ጠየቁ፣ ከዚያ መሬት መሬት እያዩ ወደ ጎረቤቷ ተሻገሩ። ጥቂቶች ቀሩላት። ከእነዚያም አንዳንዶቹ ቅቤውን ሁለት ሦስቴ ያሸቱት ጀመር፣ ከዚህ በፊት አሽትተው የማያውቁት። በጣም ተናደድኩ። ሄጄ ለእያንዳንዳቸው ስለ ቆሽት ላስተምራቸው ቃጣኝ፤ አዳዳ የሸሚዜን ጫፍ ይዛ አስቀረችኝ።

ረፋዱ ላይ ከፊት ለፊታችን ማንም አልቆመም። በዚያ ሰዓት እዚያ ቦታ ላይ መሬቱን አይቼው አላውቅም ነበር። እንደ ልማዴ ልቀልድባት ሞከርኩ።

«አዳዳ፣ ገበያሽ ከሳ» አልኳት።

ባዶውን መሬት አየችው።

«ይክሳ» አለች። «እኔ ከስቼ አይቼዋለሁ። ገበያ ከስቶ አይሞትም።»